በአንድ ሳምንት ሥራ አጥነትን ያጠፋችው አክስቴ

አክስቴ መተዳደሪያዋ ሥራ አጥ መቁጠር ነበር። የወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ውል ያስፈርማትና፣ ሰፈራችንን ቤት ለቤት ዞራ ማን ሥራ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ጽፋ ታስረክባለች። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቅጽ «ተስተካክሎ ይምጣ» ተብሎ ተመልሶባት አያውቅም። ይህን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች፤ ላልጠየቃትም ትናገራለች።

ሰፈሩ «ቆጣሪዋ» ይላታል። በዚህ የተነሳ አዲስ የገባ ተከራይ መብራት ሲጠፋበት የእኛን በር ያንኳኳል። እሷ «እኔ የምቆጥረው ሰው ነው» ብላ በሩን ትዘጋበታለች፤ እኔ ደግሞ ፒንሳዬን ይዤ ተከትዬው ሄጄ አበጅለታለሁ። በነጻ ነው። ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ ነው።

የወንድሟ ልጅ ነኝ። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሁለት ዓመት የስፌት ማሽን ጥገና ያስተማረችኝም እሷ ናት። ዲፕሎማዬን በመስታወት አስገጥማ ከአልጋዬ ትይዩ ሰቅላዋለች። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የሚያፈጥብኝ እሱ ነው። በተመረቅኩ በሦስተኛው ወር የሰፈራችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋ። ዕድሌ እንዲህ ናት፤ እኔ ዋና ተምሬ ስጨርስ ወንዙ ይደርቃል።

ፋብሪካው አራት መቶ ሰው ነው የበተነው። የአጥሩ ግንብ ዝቅ ያለና ሰፊ ስለሆነ ለመቀመጫ ይመቻል። የድሮ ሠራተኞች ጠዋት በመግቢያ ሰዓት አንድ በአንድ እየመጡ እሱ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታ በመውጫ ሰዓት ይነሳሉ። የበር ጠባቂ የነበሩት ጋሽ ፊሽካም ከመሃላቸው አሉ። ስማቸውን ያገኙት አንገታቸው ላይ ካንጠለጠሏት ፊሽካ ነው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም አላወለቋትም። ሰው አርፍዶ መጥቶ ግንቡ ላይ ሲቀመጥ «ሩብ ሰዓት አሳልፈሃል» ይሉታል። ሰውየውም ይቅርታ ይጠይቃል።

እንዲህ ሆነን ሳለ ወሬ መጣ። በባዶው የፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሰው የሚይዝ የስፌት ወርክሾፕ ሊከፈት ነው ተባለ። ለመቶ ሃምሳ ሰፊ አንድ የማሽን ጠጋኝ ያስፈልጋል። አንድ። ያችን አንድ ቦታ በልቤ ይዤ ስምንት ወር ዞሬያለሁ፤ ከማንም ጋር ብጣላ፣ ማንም ቢያሾፍብኝ፣ «ቆይ ብቻ» እያልኩ አልፌዋለሁ። ችግሩ ከወንዙ ማዶ ያለው ወረዳም ወርክሾፑን ይፈልገዋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ነገሩን በቁጥር ቆረጠው፤ በሚመጣው ቆጠራ ሥራ አጥነቱ ከመቶ ሠላሳ ያለፈ ወረዳ ይወስዳል፣ ሁለቱም ካለፉ የባሰበት ይወስዳል። ለወረዳችን ናሙና ሆኖ የሚቆጠረው ደግሞ የእኛ ሰፈር ነው፤ ድስቱን በአንድ ማንኪያ እንደመቅመስ። ባለፈው ቆጠራ ከመቶ ሠላሳ አራት ነበርን፣ ማዶዎቹ ሠላሳ አንድ። በመጥፎ ነገር አንደኛ በመሆናችን ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አክስቴ ጉልበት ላውራ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። ሰፈራችን ዳገት ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ደረጃ ይጀምራል። አክስቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጉልበቷ ደግሞ በድምፅ ሲገመት ሰማንያ አልፎታል።

ቆጠራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የመጀመሪያው ሳምንት ምዝገባ ነው፤ በየበሩ በጠመኔ ቁጥር ይጻፋል፣ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ ይመዘገባል። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው ይመጣል። ድሮ በምዝገባው ሳምንት አንድ ሰው ብቻ ነበር የምታስከትለው። በዚህኛው ዙር ጉልበቷ ስለባሰባት አራት አደረገቻቸው። አንዱ ጠመኔና መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ ጥላ ይዘረጋላታል፤ አንዱ ቀድሞ በር ያንኳኳል፤ አንዱ በርጩማ ተሸክሞ ደረጃው መሃል ላይ ያስቀምጥላታል። ከምሳ በኋላ ሌሎች አራት ይተኳቸዋል። ሁሉንም የምታመጣው ከግንቡ ላይ ነው። አክስቴ ሰው ቁጭ ብሎ አይታ ማለፍ አትችልም፤ አልፈጠረባትም። «ትናንት እሱን ወስደሽ ዛሬም እሱን?» የሚል ሲበዛ ተራ አስያዘቻቸው። ሥራውን የጨረሰ ሁሉ ጥጉ ላይ ካለው ሻይ ቤት ሻይና ዳቦ ይበላል። የሚከፈለው ከትራንስፖርት አበሏ ነው፤ ዳገት የሚወጣ ታክሲ ስለሌለ አበሉ ሁልጊዜ ይተርፋታል።

እኔም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያዥ ሆኜ ወጣሁ። ሰማዩ ደመና ነበር።

«ፀሐይ የለም እኮ» አልኳት።

«ብትወጣስ?» አለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የጥያቄው ተራ የእኛ ቤት ደረሰ። አክስቴ ለብሳ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን መጣችና ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በሥራ ሰዓት ለማንም አታደላም፤ አንተ ማለትም ታቆማለች።

«ባለፈው ሳምንት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ክፍያ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተዋል?»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«ይመልሱ።»

«አልሠራሁም።»

«ማክሰኞ ጥላ አልያዙም?»

«ይዣለሁ።»

«ሲጨርሱ ዳቦ አልበሉም?»

«እሱማ አንቺ ነሽ ብላ ያልሽኝ።»

«ክፍያ በዓይነት» አለችና ጻፈች። ከዚያ ቀጥ ባለ ፊደል «ሥራ ላይ ያለ» ብላ ምልክት አደረገች። ተከራከርኳት። መመሪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ገጽ ዘጠኝን አስነበበችኝ። እውነትም አንድ ሰዓት ይበቃል ይላል፤ ክፍያው በገንዘብም ይሁን በዕቃ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኔ ነው፤ ሥራ ሳይኖረኝ ሠራተኛ ሆኜ አደርኩ። የራሴን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከመቶ ሃያ ቤት አንድ እኔን ብታበላሽ ምን ይመጣል ብዬ ተውኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ ግንቡ አጠገብ ባለው የጸጉር አስተካካዩ መስታወት ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ጸጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ትቶ ወጣና ጮክ ብሎ አነበበ። በወረዳችን ሥራ አጥነት ከመቶ ሠላሳ አራት ወደ አሥራ አንድ ወርዷል። ወረዳው ይህን ታላቅ ውጤት በማስመዝገቡ እንኳን ደስ ያላችሁ። የስፌት ወርክሾፑ የበለጠ ለሚያስፈልገው አጎራባች ወረዳ እንዲሰጥ ሐሳብ ቀርቧል።

ግንቡ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ግራና ቀኝ ተያዩ።

«ማነው ሥራ የያዘው?» አሉ ጋሽ ፊሽካ።

በሽመና ክፍል ለሃያ ዓመት አንድ ማሽን ላይ የሠሩ ሁለት እህትማማቾች አሉ፤ ስለማይለያዩ «ድርና ማግ» እንላቸዋለን። ታላቂቱ ወደ አንዱ ጎልማሳ ዞረች።

«አንተ ባለፈው ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ጥርሴን አሞኝ።»

«ጥርስ ሲያምህ አዲስ ካልሲ ታደርጋለህ?»

ሰውየው ካልሲው የወንድሙ መሆኑን በልጆቹ ስም ማለ። የሚያምነው ጠፋ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግንቡ ግንብ አልሆነም። ለአራት ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች በጎሪጥ ይተያዩ ጀመር። ጫማውን የጠረገ «ለማን ብለህ ነው?» ይባላል። ያዛጋ ሰው የማታ ፈረቃ ገብቶ ነው ይባላል። ድርና ማግ እንኳን አንድ ቀን ሙሉ ተኳርፈው ዋሉ፤ ታናሺቱ ገበያ ሄዳ ዘግይታ ስለተመለሰች ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ፊሽካ አንገሸገሻቸውና ተነስተው ቆሙ። «እኔ ይህ በር ከተዘጋ ወዲህ በእጄ የነካሁት የሰው ሥራ የለም። ለዚህ ልጅ አክስት በር ከማንኳኳት በቀር» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እኔም» አለ ባለ ካልሲው፣ «በርጩማ ከመሸከም በቀር።»

«እኔም ጠመኔ ከመያዝ በቀር።»

«እኛም ጥላ።»

እኔ ቆሜ ነበር፤ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ወርክሾፑን ማን ወሰደብን ብዬ ማዶዎቹን ስረግም ነበር የሰነበትኩት። ለካ ቤቴ ውስጥ ናት፤ ጠዋት ሻይ አፍልታልኝ ነው የወጣሁት።

ወደ ቤት ሮጬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ መነጽሯን አደረገች። የቅጾቹን ቅጂ ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ከሰዓቱን ሙሉ አንድ በአንድ ገለጠች። አክስቴ ድምሩን አይታው አታውቅም፤ እሷ አንዱን ሰው ጠይቃ አንዱን ሰው ትጽፋለች፣ ደምሮ መቶኛ የሚያወጣው ቢሮ ነው። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አርባ ስምንት ሰው» አለች። «ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የዚህ ወረዳ ትልቁ ቀጣሪ እኔ ነኝ።»

ልስቅ ፈልጌ ፊቷን ሳይ ተውኩት። መመሪያው ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ደግሞ ቆጠራው የተሰረዘበት ቆጣሪ ውሉ አይታደስለትም ይላል። ገጹን ሳታወጣ በቃሏ ነገረችኝ።

በማግስቱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሱ ቤታችን መጣ። ክራባት አድርጓል። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ይህን ተአምር በዓይኗ ልታይ እየመጣች ስለሆነ አክስቴ እንድትዘጋጅ ሊነግራት ነው። አክስቴ የሻይና ዳቦውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘረዘረችለት። ኃላፊው ላብ አጠመቀው።

«እትዬ፣ ይህን ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ግንቡ በሙሉ ያውቃል።»

«ግንቡን ማን ይጠይቀዋል? እርስዎ ብቻ ዝም ይበሉ። ዝም አይነቅዝም።»

ባለሙያዋ ሐሙስ ጠዋት መጣች። ቀጭን፣ ሳቅ የማታውቅ፣ የራሷን ውሃ በኮዳ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። ሳሎናችን ውስጥ ኃላፊው፣ እሷ፣ አክስቴና እኔ ተቀመጥን። ኃላፊው ስለ ወረዳው የልማት ጥረት ንግግር ሲጀምር አክስቴ አቋረጠችው። ለባለሙያዋም ያንኑ ደገመችላት፤ ጥላውን፣ በርጩማውን፣ ተራውን። ባለሙያዋ ቅጾቹን አንድ በአንድ አየች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ቅጾቹ ስህተት የለባቸውም» አለች በመጨረሻ።

«ቅጾቹማ ምን ስህተት ይኖርባቸዋል፤ የሞላኋቸው እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። «ሰዎቹ ናቸው ሥራ የሌላቸው።»

«በመመሪያው መሠረት ሥራ ላይ ናቸው።»

«ግንቡ ላይ ናቸው፤ በመስኮት ይታያሉ።»

ባለሙያዋ ተነስታ በመስኮት አየች። እውነትም ነበሩ። ጋሽ ፊሽካ አንዱን አርፋጅ ሲቆጡት ይታያል። ተመልሳ ተቀመጠችና ኮዳዋን ከፍታ ተጎነጨች።

«አንድ መንገድ አለ» አለች። «ቆጣሪዋ ራሷ ሥራ ፈጥራ ቆጠራውን ማበላሸቷን በፊርማዋ ካመነች ቆጠራው ይሰረዛል፤ ሌላ ቆጣሪ መጥቶ እንደገና ይቆጥራል። የእርስዎ ውል ግን በዚያው ያበቃል። ካልፈረሙ ቁጥሩ ይጸናል፣ ወርክሾፑም ማዶ ይሄዳል። እንዲፈርሙ አላስገድድዎትም።»

ኃላፊው አክስቴን በዓይኑ ለመናት። አክስቴ ግን እሱን አላየችውም፤ ያየችው እኔን ነው። እዚህ ላይ አልዋሽም። «ተይው፣ አትፈርሚ» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ምናልባት ትተወው ነበር። ከእሷ ሥራ በቀር ወደዚህ ቤት የሚገባ ምንም ነገር አልነበረም፤ ያሳደገኝም ያስተማረኝም ይኸው ሥራ ነው። እኔ ግን ያችን አንድ ቦታ አሰብኩና ወለሉን አየሁ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። አክስቴ እስኪርቢቶ ጠየቀችና ፈረመች፤ ቀኑንም ሳትረሳ ጻፈች።

ውጤቱን አሁኑኑ ልናገር፤ ሰው ማንጠልጠል አልወድም። ድጋሚ ቆጠራው ከመቶ ሠላሳ አምስት ሆነ፤ ወርክሾፑም መጣ። ድርና ማግ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰፋሉ። ጋሽ ፊሽካ በሩ ላይ ቆመው ፊሽካቸውን ይነፋሉ፤ ማንም እንዲነፉ አላዘዛቸውም። እኔ የማሽን ጠጋኝ ሆኛለሁ።

የድጋሚ ቆጠራው ሰሞን ግን የሰፈሩ ነገር ለጉድ ነበር። ቆጣሪ ሆኖ የመጣው ከሌላ ወረዳ የተላከ ወፍራም፣ ትሑት ሰው ነው። ዳገቱን ወጥቶ ትንፋሽ ሲያጥረው «ወንድሜ፣ ይህን ቦርሳ ትንሽ ያዝልኝ» ብሎ አንዱን ለመነው። ሰውየው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንዲት እናት ሻይ ልጋብዝዎት ሲላት ልጇን አንስታ ሄደች። መንገድ የሚያሳየው አንድ ሰው አጥቶ የፋብሪካውን ግንብ ሦስት ጊዜ ዞረው፤ እነሱም ሦስቱንም ጊዜ በአክብሮት ብድግ እያሉ እጅ ነሱት እንጂ ከንፈራቸውን አላላቀቁም። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ ከማን አንሼ ብሎ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ግንቡ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ይህን ስትሰማ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አንተ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሱቅህ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም» አለችው።

«እትዬ፣ ለሰፈሩ ብዬ እኮ ነው።»

«የሠራ ሠራሁ ይበል፤ ያልሠራ አልሠራሁም ይበል። እኔ ውሸት እንዲቆጠር ብዬ አይደለም የፈረምኩት። ተነስ፣ ክፈት።»

ተነስቶ ከፈተ። ያን ቀን የመጀመሪያው ደንበኛው እኔ ነበርኩ፤ ከእሷ ቁጣ ለመሸሽ የገባሁበት ሌላ ቤት አልነበረም።

ቆጣሪው የእኛ ቤት የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አክስቴ በርጩማውን አቀረበችለት፣ ውሃ ሰጠችው። መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ፤ መልሴ አጭር ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። ማን እንደሆነች አያውቅም።

«ባለፈው ሳምንት ለክፍያ ሠርተዋል?»

«አልሠራሁም» አለች ወዲያው።

«ሥራ ይፈልጋሉ?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ወዴት እንደሚወስድ እሷን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። አልፈልግም ያለ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም፤ ከጡረተኞችና ከሕመምተኞች ጋር ለብቻው ይመደባል። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ አልፈልግም ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ ያስከብራታልም። ቆጣሪው እስኪርቢቶውን እንዳነሳ ጠበቃት።

«እፈልጋለሁ» አለች። እንዲህ ባለ ትንሽ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ምን ዓይነት ሥራ?»

«ይህንኑ፣ አንተ የያዝከውን።»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈልጎ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጻፍበት ቦታ ስላጣ «ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። አመስግኖን ወደ ጎረቤት አለፈ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ የጎረቤቱን በር ሲያንኳኳ ታየው ነበር፤ እኔ በርጩማውን አንስቼ ከኋላዋ አስቀመጥኩላት።